ታጣፊ ስልክ ልግዛ ላላችሁ፦ የጥንቱ፣ ባለ ቁልፉ ወይስ ባለ መስታወቱ?

ታጣፊ ስልክ ተመልሶ መጥቷል። ጣና ዳር ካፌ ቁጭ ካላችሁ ከአጠገባችሁ ጠቅ ሲል መስማታችሁ አይቀርም። አንዷ ሳምሰንግ ዜድ ፍሊፗን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ሌላው ውጭ ያለ ዘመዱ የላከለትን ባለ ቁልፍ ኖኪያ ከፍቶ "አቤት!" ይላል። ከዚህ ሁሉ መሃል ደግሞ "የጥንቱ ይሻላል፣ ኦርጅናሉ እሱ ነው" እያለ ሃያ ዓመት ያለፈው ሞቶሮላ የሚያፈላልግ አይጠፋም።

ሦስቱም ታጣፊ ይባላሉ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ ማስታወሻ ነው፣ አንዱ መደወያ ነው፣ አንዱ ኮምፒውተር ነው። ባሕር ዳር ለሚኖር፣ በቴሌግራም ለሚሠራ፣ በቴሌብር ለሚከፍል፣ አንዳንዴም በጀልባ ወደ ዘጌ ለሚሻገር ሰው የቱ ይሆናል? እንደኔ እንደኔ ነገሩ የሚፈታው ክዳኑን ለምን እንደፈለጋችሁት ስታውቁ ነው። ስለዚህ ከክዳኑ እንጀምር።

ክዳኑ ምን ይሠራል?

ክዳን ያለው ስልክ ስክሪኑ አይጋለጥም። ኪስ ውስጥ ከቤት ቁልፍና ከሳንቲም ጋር አይፋጭም። ቁልፎቹም ስለሚሸፈኑ ስልኩ በራሱ ጊዜ ለአለቃችሁ አይደውልም። ሲከፈት ይነሳል፣ ሲታጠፍ ይዘጋል። ዓይናቸው ለደከመ አባት "አረንጓዴውን ወደ ጎን ይግፉት" ብሎ ከማስረዳት ይህ በጣም ይቀላል። ሲዘጋ አጭር፣ ሲከፈት ረጅም ነው፤ ስለዚህ ድምፁ ጆሮ ጋ፣ ማይኩ አፍ ጋ ይደርሳል። እና እውነቱን እንነጋገር፦ ተናዶ ስልክ ጆሮ ላይ መዝጋት የሚያምረው በታጣፊ ነው። መስታወት ላይ ቀይ ክብ በመንካት ንዴት አይወጣም።

ውስጡ ያለው አሠራር ቀላል ነው። ክዳኑ ውስጥ ትንሽ ማግኔት አለች። ታችኛው ክፍል ላይ ደግሞ ማግኔት ሲቀርበው የሚያውቅ ሴንሰር አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ስልኩ መታጠፉን ያውቃል፤ ስክሪኑን ያጠፋል፣ ጥሪውን ይዘጋል። ከላይና ከታች ያለውን አካል የሚያገናኘው ፍሌክስ ይባላል። እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ብዙ የመዳብ መስመር የታተመበት ፕላስቲክ ነው። በማጠፊያው ውስጥ ተጠቅልሎ ያልፋል። ስልኩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እሱም ይታጠፋል። አንድ ቀን አንዱ መስመር ይበጠሳል። ያን ጊዜ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። ወይም በግማሽ ሲከፈት ይሠራና ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ይጠፋል። ወይም የጆሮው ድምፅ ይቆረጣል። የድሮ ታጣፊ ስልክ ዋና በሽታ ይኸው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ሱቅ ስትገቡ ይጠቅማችኋል።

ክዳንና ኮምፒውተር እንዴት ተጋቡ?

ሞቶሮላ ስታርታክ የተባለውን ስልክ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ለሁለት ይታጠፋል፣ ክብደቱም 100 ግራም አይሞላም። ለዚያ ዘመን ተአምር ነበር። በዚያው ዓመት ኖኪያ 9000 ኮሙኒኬተርን አመጣ። እሱ በጎኑ ነው የሚከፈተው። ውስጡ ሙሉ የፊደል ገበታና ሰፊ ስክሪን አለው፤ ፋክስና ኢሜይል ይልካል። ክብደቱ ግን 397 ግራም ነበር። ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ቢገባ ሸሚዙን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። አንዱ ትንሽ ሆኖ መደወል ብቻ ቻለ፣ ሌላው ሁሉን ቻለና ከበደ። እኛ ዘንድ ያኔ ሞባይል ገና አልነበረም፤ አገልግሎቱ አዲስ አበባ ላይ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

የስታርታክ መጠንና የኮሙኒኬተር ጭንቅላት አንድ ላይ የመጡት እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2003 ባለው ጊዜ ነው። ኪዮሴራ 7135 እና ሳምሰንግ ኤስፒኤች-አይ500 የኪስ ኮምፒውተሮች ሲስተም የነበረውን ፓልም ኦኤስን ይዘው ታጠፉ። በ2003 ደግሞ ሞቶሮላ ኤምፒኤክስ200 የማይክሮሶፍትን ዊንዶውስ ይዞ መጣ። ለዚህ መመሪያ ስል የማነሳው ዋናው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ "የድሮ ስማርት ታጣፊ" ብላችሁ ብትፈልጉ ከእነዚህ ከሦስቱ ሲም ካርድ የሚቀበለው እሱ ነው።

ኤምፒኤክስ200ን ዘግታችሁ ስታዩት ተራ ታጣፊ ስልክ ነው። ክዳኑ ላይ ሰዓትና የደዋይ ስም የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን አለ። ስትከፍቱት ግን ከኮምፒውተር የምታውቁት ዓይነት "ስታርት" የሚል ሜኑ ይጠብቃችኋል። ዋናው ስክሪን 176 በ220 ነጥብ ብቻ ነው። ጣት አይቀበልም፤ ሁሉም ነገር በቁልፍ ነው። ኢሜይል፣ ካላንደርና ስልክ ቁጥር ከቢሮ ኮምፒውተር ጋር በኬብል ይመሳሰላሉ። ኤስዲ ካርድ ይገባበታል። ካሜራ የለውም። ብሉቱዝም የለውም። ዛሬ ሲታይ ጎዶሎ ነው። ነገር ግን ፕሮግራም እየጫኑ የሚጨምሩበት ስልክ እንደ ማንኛውም ስልክ ጠቅ ብሎ ሲዘጋ ማየት ያኔ አዲስ ነገር ነበር። ከእሱ በፊት "ብልህ" ስልክ ማለት ብዙ ጊዜ ወፍራም ጡብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ2004 የወጣው ሞቶሮላ ሬዘር ቪ3 ዓለምን አዳረሰ፤ ከ130 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እሱ ግን ቀጭንና ውብ እንጂ ስማርት አልነበረም። ሰው ቅጥነቱን ስለወደደ ስማርቶቹም መቅጠን ጀመሩ። በ2006 ኤችቲሲ የሠራው፣ ኪውቴክ 8500 በሚል ስምም የተሸጠው ባለ ዊንዶውስ ታጣፊ ውፍረቱ 16 ሚሊሜትር ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት አካባቢ የመጣው ሞቶሮላ ሚንግ ኤ1200 ክዳኑ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። ተዘግቶም ስክሪኑ ይታያል። በሊኑክስ ይሠራል፣ በብዕር ይነካል። ብላክቤሪም ቢዘገይ በ2008 ፐርል ፍሊፕ 8220 ብሎ የመጀመሪያውን ታጣፊውን አወጣ።

ያኔ ግን ነገሩ አልቆ ነበር። በ2007 የመጣው አይፎን ቁልፎቹን መስታወት ውስጥ ከተታቸው። ታጣፊ ስልክ የሚታጠፈው ስክሪኑ በአንድ በኩል፣ ቁልፉ በሌላ በኩል ስለሆነ ነው። ቁልፍ ሲቀር የሚታጠፍበት መስመር ጠፋ። ማጠፊያው ሥራ ያገኘው መስታወቱ ራሱ መታጠፍ ሲችል ነው፤ ይህ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ።

የጥንቱን ለምትሹ

ልባችሁ ወደዚህ ካዘነበለ መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሩ፦ ሲም ይገባበታል ወይ? ኪዮሴራ 7135 እና ያ የሳምሰንግ ፓልም የተሠሩት ሲዲኤምኤ ለሚባለው ኔትወርክ ነው። የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም። አሜሪካ ያለ አጎት "አዲስ ነው፣ ከነካርቶኑ" ብሎ ቢልክላችሁም እዚህ አንድ ጥሪ አያደርጉም። ለመደርደሪያ ካልሆነ አትቀበሉ።

ሲም የሚገባባቸውም ሞገዳቸው ይታይ። እኛ ጋ የድሮው የድምፅ ኔትወርክ የሚሠራው በ900 እና በ1800 ሜጋኸርዝ ነው። ኤምፒኤክስ200 ሁለቱንም ይይዛል። 850 እና 1900 ብቻ የሚል የአሜሪካ ቀፎ ግን ቀኑን ሙሉ "ኔትወርክ በመፈለግ ላይ" እንዳለ ባትሪው ያልቃል። ሲሙም ትልቁ መጠን ነው። የእናንተ ወደ ናኖ የተቆረጠ ከሆነ አዳፕተር ያስፈልጋል። አዳፕተር ርካሽ ነው፤ ስታወጡት ግን ቀስ በሉ፣ ባዶውን ከገፋችሁት የውስጡን ጥርስ ይዞ ይወጣል።

ብላክቤሪ ፐርል ፍሊፕን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ተዉት። ኩባንያው የድሮ ስልኮቹን አገልግሎት እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 2022 ዘግቷል። ከዚያ በኋላ ዳታም፣ ጥሪም፣ መልእክትም በአስተማማኝ ሁኔታ ይሠራሉ አልልም ብሎ ራሱ አሳውቋል። ለማየት ግን ደስ ይላል።

ኔትወርክ ቢይዝስ ምን ታገኛላችሁ? ጥሪና አጭር መልእክት። ያውም የእንግሊዝኛ ፊደል። በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ሲመጣ ባዶ ሳጥን በሳጥን ሆኖ ይደረደራል። ቴሌግራም የለም። ብሮውዘሩ አለ፤ ግን የዛሬ ድረ ገጾች የሚጠይቁትን የደኅንነት ቁልፍ ስለማያውቅ ገጾቹ አይከፈቱለትም። ማለትም ስማርትነቱ ሞቷል፣ ስልክነቱ ብቻ ቀርቷል። ኤምፒኤክስ200 በታሪክ ውስጥ ያለውን ቦታ ያገኘው በፕሮግራሞቹ ነው፤ ዛሬ በእጃችሁ የሚቀረው ግን ክዳኑ ነው።

እኔ ብሆን ለታሪክ ኤምፒኤክስ200ን፣ ለእጅ ደስታ ሚንግን እመርጥ ነበር። ያ ጥርት ያለ ክዳን እስካሁን ማንም በደንብ አልደገመውም። "ስማርት ባይሆንም ግድ የለኝም፣ መደወልና ማማር ብቻ ነው" ካላችሁ ሬዘር ቪ3 ይሻላል፤ አራቱንም ሞገድ ይይዛል፣ መለዋወጫውም ብዙ ነው። ኮፒውም እንደዚያው ብዙ ነው። የኦርጅናሉ ቁልፍ አንድ ወጥ የብረት ገጽ ነው፤ ፕላስቲክ ከሆነ እለፉት።

ባለ ቁልፉን ለምትሹ

ባሕር ዳር ላይ ለአብዛኛው ሰው ትርጉም የሚሰጠው ይሄኛው ነው። ሁለት ስም ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። ኖኪያ 2720 ፍሊፕ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ፤ ካይኦኤስ በሚባል ቀለል ያለ ሲስተም ይሠራል፣ 4ጂና ዋይፋይ አለው። ኖኪያ 2660 ፍሊፕ በ2022 መጣ፤ እሱም 4ጂ ነው፣ ዋይፋይ ግን የለውም። የሁለቱም የውስጥ ስክሪን 2.8 ኢንች ነው። ሁለቱም ከክዳኑ ውጭ ሁለተኛ ስክሪን አላቸው፤ የ2660 ተለቅ ይላል። ሁለቱም ለድንገተኛ ጊዜ ሲጫኑት አስቀድመው ለመዘገቧቸው ሰዎች የሚደውል ቁልፍ አላቸው።

የትኛው? ከጥቂት ዓመት በፊት ብትጠይቁኝ 2720 እል ነበር፤ ዋትሳፕ ስለነበረው። አሁን ዋትሳፕ ካይኦኤስን ትቶታል። ቴሌግራም ደግሞ ለካይኦኤስ የራሱን መተግበሪያ አውጥቶ አያውቅም። ስለዚህ የ2720 ዋና ብልጫ ተሟጠጠ። ዛሬ 2660 ይሻላል፦ ቁልፎቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ሜኑው አያደናግርም፣ ባትሪው እየወጣ ይቀየራል። ለእናትና ለአባት የሚገዛ ሰው ሌላ ባይፈልግ ደስ ይለኛል።

"ያለ ቴሌግራም እንዴት ይኖራል?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ የቤት ኪራይ ማስታወቂያው፣ የክፍል ግሩፑ፣ የዕቃ ሽያጩ ሁሉ እዚያ ነው። ገንዘቡ ግን እዚያ አይደለም። ቴሌብር በ*127# ይከፈታል። ንግድ ባንክ በ*889# ይሠራል። የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ በ*733# አለ። በኢትዮ ቴሌኮም የአየር ሰዓት ቀሪ ሂሳብ *804# ነው። እነዚህ ሁሉ ዳታ አይጠይቁም። በቁልፍ ስልክ ላይ እንዲያውም ይቀላሉ፤ ኮከቧና መሰላሏ የት እንዳሉ ጣታችሁ በጭፍን ያውቃል።

ይህ ለኛ ክልል ወሬ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም። ያን ጊዜ ኪሳችን ውስጥ ያለው ውድ ስልክ ሁሉ ወርዶ መደወያና ፎቶ ማንሻ ሆነ። ኮከብና መሰላል የለመደ ሰው ብዙ አልተደናገጠም። መተግበሪያ ብቻ የለመደው ሂሳቡን ለማየት ወረፋ ያዘ። ስለዚህ ምንም ስልክ ይኑራችሁ፣ ኮዶቹን በቃላችሁ ያዙ፤ ሚስጥር ቁጥሩንም አስቀድማችሁ አውጡ።

ሐይቅ ላይ ለሚሠራ ሰውም ይኸኛው ይስማማል። መሃል ጣና ላይ ኔትወርክ ሲሳሳ ስልክ ማማ ፍለጋ ጉልበቱን ይጨምራል፣ ባትሪም በዚያ ያልቃል። ትልቅ ስክሪን ለሌለው ስልክ ይህ ቀላል ጉዳት ነው። እርጥብ እጅ ደግሞ የመስታወት ስክሪን ጠላት ነው፤ ጠብታ እንደ ጣት ይቆጠራል፣ የነካችሁት ሳይሆን ያልነካችሁት ይከፈታል። ቁልፍ እርጥብ እጅ ይታዘዛል። ግን ልብ በሉ፦ 2660 ውኃ አይችልም። ጀልባ ላይ ለሚውል ሰው ትንሽ ፌስታል ቋጥሮ መያዝ የግድ ነው።

"ውኃም ይቻል፣ ይታጠፍ፣ አንድሮይድም ይሁን" ለሚል ሰው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ካት ኤስ22 ፍሊፕ የሚባል አለ። ባለ ቁልፍ ነው፣ ስክሪኑም ይነካል፣ ቢወድቅም ይችላል። በወረቀት ላይ ለጣና ዳር የተፈጠረ ይመስላል። ችግሩ የተሸጠው ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ኔትወርክ ተብሎ መሆኑ ነው። ማህደረ ትውስታውም 2 ጂቢ ብቻ ነው። ቴሌግራም ይገባበታል፤ ብዙ ግሩፕ ካላችሁ ግን ያንቀላፋል። ሎኩ ተፈትቶ፣ እዚህ ሲም ገብቶበት 4ጂ ሲል በዓይናችሁ ካላያችሁ ብር እንዳታወጡ።

ባለ መስታወቱን ለምትሹ

እዚህ ላይ ሁለት ቤተሰብ አለ፤ የሳምሰንግ ዜድ ፍሊፕና የሞቶሮላ አዲሱ ሬዘር። ሬዘር እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ታወጀ፣ ዋጋው 1,499 ዶላር ነበር። ዜድ ፍሊፕ በየካቲት 2020 በ1,380 ዶላር ተከተለ። የመጀመሪያው ሬዘር ለኛ አይመችም፤ የሲም ቀዳዳ የለውም፣ ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የተሠራ ሲም) ብቻ ነው። ስለዚህ ወሬው ስለ ዜድ ፍሊፕ ነው።

ዜድ ፍሊፕ ሙሉ አንድሮይድ ነው። ቴሌግራሙም፣ ባንኩም፣ አማርኛ ኪቦርዱም አለ። ተከፍቶ 6.7 ኢንች ገደማ ይሆናል፣ ታጥፎ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ግማሽ ታጥፎ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ሰው ሳይዘው ፎቶ ያነሳል። ዓባይ ድልድይ ላይ ወይም ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሙሉ ቤተሰብ በአንድ ፎቶ መግባት ለሚፈልግ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄው አቧራው ነው። ሳምሰንግ ማጠፊያው 200,000 ጊዜ ቢታጠፍ ይችላል ብሏል፤ ማጠፊያው ውስጥም አቧራ የሚጠርግ ስስ ብሩሽ አስገብቷል። የመጀመሪያው ዜድ ፍሊፕ ግን የውኃም የአቧራም ማረጋገጫ የለውም። ፍሊፕ 3፣ 4 እና 5 "አይፒኤክስ8" የሚል ጽሑፍ አላቸው። 8ቱ የውኃው ነው፣ ጥሩ ቁጥር ነው። ኤክሱ ግን የአቧራው ቦታ ነው፤ ስለ አቧራ ማረጋገጫ አልተሰጠም ማለት ነው። በ2024 የወጣው ፍሊፕ 6 "አይፒ48" ሆኗል። 4ቱ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ የሆነ ቅንጣት አይገባም ይላል። የበጋ አቧራችን ከአንድ ሚሊሜትር ይልቃል እንዴ? ዱቄት ነው። የሐይቁ ዳር አሸዋም ደቃቅ ነው። ስለዚህ ባጃጅ እየነዳ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ ለሚጥል ሰው ይህን ስልክ አልመክርም። ቢሮና ካፌ ለሚውል ሰው ይሆናል።

መስታወቱ በመሃል መስመር አለው። ይለመዳል። ያልለመድኩት ከላይ የተለጠፈው ስስ ፕላስቲክ ነው። ከጊዜ በኋላ መታጠፊያው ላይ ይነፋል። ሰው ተራ ፕሮቴክተር መስሎት ይላጠዋል። ሳምሰንግ ራሳችሁ አትንኩት ነው የሚለው። ያገለገለ ዜድ ፍሊፕ ስትገዙ ያ ፕላስቲክ ከሌለ፣ ቀጥታ የስክሪን ዕድሜ ተቆርጧል ብላችሁ ዋጋ አስቀንሱ።

ስክሪኑ ቢሰበርስ? ዋናው ፈተና ይኼ ነው። የተራ ስልክ ስክሪን እዚሁ ከተማ ውስጥ እየጠበቃችሁ ይቀየራል። የታጣፊው መስታወት ግን ጠጋኙ ጋ ተቀምጦ አይጠብቃችሁም፤ ይታዘዛል፣ ዋጋውም ሌላ ጥሩ ስልክ ይገዛል። ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። መልሱ ካስደነገጣችሁ ስልኩ የእናንተ አይደለም።

ሌላ ሰው የማያነሳው ነገር ሲሙ ነው። ዜድ ፍሊፕ በአብዛኛው በአካል የሚገባበት አንድ ሲም ብቻ ነው። ሁለተኛው መስመር በኢሲም ነው። 09 እና 07 ሁለቱንም ለሚይዝ ሰው ይህ ራስ ምታት ሊሆን ይችላል፤ ለኮሪያ ገበያ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ኢሲም ጭራሽ የላቸውም። የኮሪያው ሌላም ምልክት አለው፦ ስልኩ ድምፅ አልባ ቢደረግም ካሜራው ሲያነሳ ይጮኻል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በተለይ ዘጌ ገዳማት ላይ ፎቶ ለሚያነሳ አስጎብኚ ያሳፍራል።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ለወላጅ፦ 2660። ክርክር የለውም። ስልክ ቁጥሮቹን ራሳችሁ መዝግቡላቸው፣ የድንገተኛ ቁልፉን ለልጆቹ ሁሉ አስተካክሉት።

ለጀልባ ነጂና ለዓሣ አጥማጅም ያው ነው፤ ከተማ ሲመለስ የሚከፍተው ርካሽ ቶች ስልክ ቤት ካለው ደግሞ የተሻለ። ለነጋዴ ሁለት ስልክ መያዝ ቅንጦት አይደለም። ታጣፊው ለጥሪና ለገንዘብ፣ ቶቹ ለቴሌግራም። ቀን ሙሉ በጥሪ የሚዋከብ ሰው ቴሌግራም ባትሪውን እንደሚጨርስበት ያውቃል፤ ደንበኛውም የሚደውለው ያኔ ነው።

ለተማሪ፣ በተለይ ፖሊ ግቢ ለሚማር፣ አንድ ስልክ ብቻ ከሆነ ታጣፊ አልመክርም። በዜድ ፍሊፕ ዋጋ ላፕቶፕ ይገዛል። "ክዳን ነው የወደድኩት" ካላችሁ ለምታውቁት ቶች ስልክ የሚከፈት የቆዳ ሽፋን ግዙ። ስክሪኑን ይሸፍናል፣ አይደውልም፣ ዋጋውም የሻይ ብር ነው። ጠቅ ግን አይልም።

መታየት ለሚወድ፣ ቢሮ ውስጥ ለሚውል፣ ስክሪን ለመቀየር አቅም ላለው ሰው ዜድ ፍሊፕ 5 እና ከዚያ በኋላ ያለው ጥሩ ነው። ከ5 ጀምሮ የውጭው ስክሪን 3.4 ኢንችና ከዚያ በላይ ስለሆነ ብዙ ነገር ሳይከፈት ይነበባል። ባልተከፈተ ቁጥር ደግሞ ማጠፊያው ይተርፋል። ከ3 በታች ያለውን አሁን አልገዛም፤ ስማርትነቱ እየደከመ፣ መስታወቱም እያረጀ ነው።

ሱቅ ስትገቡ

ፍሌክሱን አትርሱ። ስልኩን በጣም ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፤ ከዝግ እስከ ሙሉ። በየትኛውም ማዕዘን ስክሪኑ ብልጭ ካለ፣ ቀለም ከቀየረ፣ መስመር ካወጣ፣ ፍሌክሱ በመሞት ላይ ነው። ከዚያ ደውሉ። እያወራችሁ ክዳኑን ትንሽ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ድምፅ ከተቆራረጠ ያው ነው። ሻጩ "ኔትወርክ ነው" ይላችኋል። በሌላ ስልክ እዚያው ቆማችሁ ደውሉና አሳዩት።

ክዳኑ ሲከፈት ጠንከር ብሎ የመጨረሻው ላይ ራሱ መሳብ አለበት። ወደ ጎን የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የወደቀ ስልክ ነው። ከዘጋችሁት በኋላ ራሳችሁ ደውሉበት፤ ስትከፍቱት ካላነሳ ማግኔቷ ወይም ሴንሰሩ የለም። ይህ ተከፍቶ የተሠራ ስልክ ምልክት ነው።

ባትሪ የሚወጣ ከሆነ አውጥታችሁ ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና በጣት አሽከርክሩት። የሚሽከረከር ባትሪ ሆዱ የተነፋ ነው፤ ስልኩን ቢወዱትም ባትሪውን ይዞ ወደ ቤት አይገባም። የኤምፒኤክስ200ንና የዘመዶቹን ባትሪ ኦርጅናል ነው ቢሏችሁ አትደሰቱ፤ ሃያ ዓመት ያለፈው ኦርጅናል ማለት ነው።

ከዚያ *#06# ብላችሁ የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑና ከባትሪው ሥር ካለው ጋር አመሳክሩ። አማርኛ ያነባል ወይ የሚለውን በሻጩ ቃል አትለፉ፤ ከራሳችሁ ስልክ "ሰላም፣ እንዴት ዋልክ" ብላችሁ መልእክት ላኩበትና ሳጥን መሆኑንና አለመሆኑን እዩ። ዜድ ፍሊፕ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ፊት ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍታችሁ (ፋብሪካ ሪሴት አድርጋችሁ) እንደ አዲስ አስነሱት። የድሮ ባለቤቱን የጉግል ወይም የሳምሰንግ አካውንት ከጠየቀ፣ ያን አካውንት የሚያውቅ ሰው መጥቶ እስኪከፍተው ብሩ ከኪሳችሁ አይውጣ። "ነገ እናስፈታዋለን" ካሏችሁ ነገ ተመልሳችሁ ግዙ።